ሦስት ቤት የተለካ ልጅ

በዚያ ዓመት አንዲት ልጅ ጠፋችብኝ። ታብሌቱ ውስጥ አለች። ጾታዋ፣ ዕድሜዋ፣ ክብደቷ፣ ቁመቷ ሁሉ ተሞልቷል፤ ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ካለ አንድ የገበሬ ቤት እንደምትኖርም ተጽፏል። እንደ መረጃው ከሆነ ደልደል ያለች፣ እንከን የማይወጣላት ልጅ ናት። ቤቱ ስደርስ ግን ልጅቱ የለችም። ሞታ ይሆን? ተደብቃ ይሆን? ወይስ መጀመሪያውኑ አልተወለደችም? ይህንን ሳላውቅ ከዚያ ግቢ አልወጣም አልሁ።

የምሠራው የአገሩን ሰው ጤናና ኑሮ በየዓመቱ ቤት ለቤት እየጠየቀ በሚመዘግብ መሥሪያ ቤት ነው። ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲደርቅ መረጃ ሰብሳቢዎች ይሠለጥናሉ፣ በየቀበሌው ይበተናሉ፣ እናት ይጠይቃሉ፣ ልጅ ይመዝናሉ። የእኔ ድርሻ ከኋላቸው መሄድ ነው። ከጠየቋቸው ቤቶች አንዳንዱን መርጬ፣ ለማንም ሳልናገር እመለሳለሁ፤ በእውነት መጥተው እንደሆነ፣ ልጁን በእውነት መዝነው እንደሆነ አጣራለሁ። በአጭሩ ደመወዝ የሚከፈለኝ እንድጠረጥር ነው። ባይከፍሉኝም እጠረጥር ነበር።

የተወለድሁት ቡሬ ነው። እናቴ የበርበሬ ነጋዴ ነበረች። በርበሬው እንዲከብድለት ውኃ አርከፍክፎ የሚያመጣ ሰው መቼም አይጠፋም፤ እናቴ ግን የጆንያውን አፍ ብቻ አይታ ገዝታ አታውቅም። እጇን እስከ ክንዷ ሰድዳ ከሥር ታወጣና መዳፏ ላይ ታሸዋለች። «የላዩንማ ሁሉም ያሳምረዋል» ትለኝ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ከጡቷ ጋር ነው የጠባሁት። እስከ ዛሬ ሰው ቤት ገብቼ ውኃ እንኳ ቢሰጡኝ ጨጓራዬን አሳብቤ እመልሳለሁ።

ሥራችን ራሱ የጥርጣሬ ሰንሰለት ነው። አዲስ አበባ ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት እኛን ይጠረጥራል፤ እኛ መረጃ ሰብሳቢዎቹን እንጠረጥራለን፤ መረጃ ሰብሳቢዎቹ ገበሬውን ይጠረጥራሉ፤ ገበሬው ደግሞ ሁላችንንም በአንድ ላይ ጠቅልሎ ይጠረጥራል። እውነቱን እናውራ ከተባለ ከሁላችንም የተሻለ ምክንያት ያለው እርሱ ነው። ዘመኑን እናውቀዋለን። መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ የሚዘጋበት አገር ላይ፣ ስልክ መሰል ነገር ይዞ ቤት እየቆጠረ የሚዞር እንግዳ ማን እንደላከው በምን ይታወቃል? «ለግብር ነው? ለማዳበሪያ ነው? ወይስ ለሌላ?» ይሉናል። «ሌላ» ያሉትን ማንም በስሙ አይጠራውም፤ እኛም አንጠይቅም።

ይህ ሁሉ ግን ከጣውላው ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። ቁመት የምንለካበት ጣውላ አለን። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ቆሞ አይለካም፤ ጣውላው ላይ በጀርባው ይጋደማል፣ ራሱ ከላይኛው ሳንቃ ጋር ይገጠማል፣ ከእግሩ በኩል ደግሞ ሌላ ሳንቃ እየተገፋ መጥቶ ውስጥ እግሩን ይነካዋል። ይህንን ያወጡት ሰዎች መቼም የጎጃም ቀብር ላይ ቆመው አያውቁም። በእኛ አገር ተጋድሞ የሚለካ ሰው አንድ ብቻ ነው። ሰው ሲሞት ቁመቱን በሸምበቆ ይለኩና ሸምበቆውን ይዘው ወደ መቃብር ቆፋሪዎቹ ይሄዳሉ። አባቴ የሞተ ጊዜ ገና ልጅ ነበርሁ፤ አንድ ጎረቤታችን ሸምበቆውን ትከሻው ላይ አድርጎ ከግቢያችን ሲወጣ አየሁት። አባቴ ያን ያህል ረጅም መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ስለዚህ እናቶቹ እንቢ ሲሉ አልፈርድባቸውም። ጣውላውን «ሣጥኑ» ይሉታል። ክብደት ይመዘንላቸዋል፣ ክትባት ይጠየቃሉ፣ ስለ መጸዳጃ ቤታቸው እንኳ እያፈሩም ቢሆን ይመልሳሉ፤ ሣጥኑ ሲወጣ ግን ልጁን አቅፈው ወደ ጓዳ ነው። በየዓመቱ ቁመት ያልተለካ ልጅ በየቀበሌው ይኖረናል። ዋናው መሥሪያ ቤት ሰነፎች ናችሁ ይለናል።

በዚያ ዓመት ግን ማንኩሳ አካባቢ ካሉት ቀበሌዎች የአንዱ መረጃ አንድም እንቢታ ሳይኖርበት መጣ። ሁሉም ልጅ ተመዝኗል፣ ሁሉም ልጅ ተጋድሞ ተለክቷል። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እኔ እጄን ከሥር ሰደድሁ። ሦስት ጎረቤታም ቤቶች ውስጥ ያሉ ሦስት ልጆች፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት፣ ክብደታቸውም ቁመታቸውም ቁርጥ አንድ ሆኖ አገኘሁት።

መረጃ ሰብሳቢው የመራዊ ልጅ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ገና ብዙ ያልቆየ፣ ገጠር ሲወጣ እንኳ ሸሚዙን የሚተኩስ ዓይነት። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ጠራሁትና ታብሌቱን አሳየሁት።

«እነዚህ ሦስት ልጆች መንታ ናቸው እንዴ?» አልሁት።

«መንታ ሦስት አይሆንም፣ እትዬ።»

«እኔም እሱን ነው የምልህ።»

ፊቱ ልውጥውጥ አለ። «በእናቴ ሞት ለክቻቸዋለሁ! አንድ በአንድ!»

«መማልህ ነው የበለጠ ያስጠረጠረኝ» አልሁት። ዋርካ ሥር ተጋድሞ ቤት ላይ ቤት የሚሞላ መረጃ ሰብሳቢ አይቼ አውቃለሁ። ውሸቱን ከሆነ እንደሚሰናበት፣ ቀበሌውም እንደ አዲስ እንደሚሠራ ነገርሁት። ጎረምሳው አልለመነኝም። «አብረን እንሂድና ይዩዋቸው» አለ፤ ይሄ ደግሞ ጥርጣሬዬን አናወጠው። ከሦስቱ መጀመሪያ ሴቲቱን እንድናይ መረጥሁ።

በማግስቱ ጠዋት እስከ ማንኩሳ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር ሄድን። በየግቢው በርበሬ ተሰጥቶ ቀልቷል፤ በቆሎው ተሸልቅቆ ጎተራ እየገባ ነው። ጎረምሳው ጣውላውን የተሸከመው ጋቢ አልብሶ ነው። ሰው እንዳይሸበር ብሎ አስቦ ነው መሰለኝ፤ ጋቢ የለበሰ ሣጥን ተሸክሞ መንገድ ላይ መሄድ ምን እንደሚመስል ግን አላሰበውም። ውኃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች ከመንገድ ወጥተው ቆሙልን። አንዲት አሮጊት ደረታቸውን ይዘው፣ «እናንተዬ፣ የማን ነው?» ብለው ጠየቁን። ጋቢውን አስወለቅሁት። ያለ ጋቢው ደግሞ ባሰ።

ቤቱ ስንደርስ አንድ ሽማግሌ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው የቀንበር ማነቆ ይጠርባሉ። የልጅቱ አያት፣ የአባቷ አባት ናቸው። ልጃቸው ከብት ይዞ ገበያ ሄዷል። ምራታቸው፣ የምንፈልጋት እናት፣ ሆዷ ገፋ ያለ፣ ገና በሃያዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ናት። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ከብቱን፣ እህሉን፣ ዝናቡን፣ ሁሉንም በየተራ ጠይቀን ጨረስን። ከዚያ ልጅቱን አንድ ጊዜ ላያት እንደመጣሁ ተናገርሁ።

እናትየዋ ሽማግሌውን አየቻቸው። «ላምጣት» አለችና ሄደች፤ የሄደችው ግን ወደ ቤት አይደለም፣ ወደ አጥሩ ነው። ከአጥሩ ማዶ ሹክሹክታ ሰማሁ። ትንሽ ቆይታ ቀይ ቀሚስ የለበሰች፣ ጉንጯ የተነፋ፣ ባቷ የጠና ሕፃን አቅፋ በአጥሩ ቀዳዳ ተመለሰች።

«ይኸው!» አለኝ ጎረምሳው በድል። «ይቺው ናት!»

ሕፃኗ እናትየዋ እቅፍ ውስጥ አላርፍ አለች። እጇን ወደ አጥሩ ዘርግታ ትጮኻለች። የገዛ እናቷ አቅፋት ሳለች «እማ! እማ!» እያለች ወደ አጥር የምታለቅስ ልጅ መቼም አይቼ አላውቅም። «እስቲ ስጪኝ» ብዬ ተቀበልኋትና ወደ ሚዛኑ ከፍ ሳደርጋት ሽንቷ መጣ። ከቀሚሱ ሥር ሽቅብ ወጥቶ፣ ወደ ፊት ታጥፎ፣ ነጠላዬንም ታብሌቱንም አዳረሰው። ብዙ ሴት ልጆች አሳድጌአለሁ፣ የእህቶቼን ልጆች ጨምሮ፤ እንዲህ አድርጋ የምትሸና ሴት ልጅ አልገጠመችኝም።

ቀሚሱን ገለጥ አደረግሁት። ወንድ ነው።

ከአጥሩ ማዶ ሳቅ ፈነዳ። ጎረቤትዮዋ በቀዳዳው ገብታ ልጇን ከእጄ ነጠቀችኝና፣ «በሞቴ ይቅር በሉን፤ ጨንቆን ነው» አለች እየሳቀች። ነገሩ ተዘረገፈ። ያ ልጅ በገዛ ቤቱ ተለክቷል፣ በማዶው ጎረቤት ቤት ልብስ ቀይሮ ተለክቷል፣ እዚህም ቀሚስ ለብሶ ተለክቷል። እናቶቹ ለሣጥኑ የራሳቸውን ልጅ ከማጋደም የእሷን ተዋሱ።

«አንቺስ አልፈራሽም?» አልኋት።

«የኔስ ድንጋይ ነው፣ እትዬ። ሞት ራሱ መጥቶ ቢለካው ልኩ አይገጥምለትም።»

መረጃ ሰብሳቢው አፉን ከፍቶ ቀረ። «ያለቀሰ ልጅ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው የሚመስለኝ» አለ ቀስ ብሎ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ማለት ይሄኔ ነው። አልዋሸም፤ ተታለለ እንጂ። ሽማግሌው እንኳ ማነቆውን አስቀምጠው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

ያልሳቀችው እናትየዋ ብቻ ናት። መሬት መሬት ታያለች።

«የአንቺዋስ የት አለች?» አልኋት።

«ሊበን ናት። እናቴ ዘንድ» አለች።

«ጠበል ሄዳለች» አሉ ሽማግሌው በዚያው ቅጽበት።

ጎረቤትዮዋ ልጇን አዝላ በመጣችበት ቀዳዳ ሹልክ አለች። ሊበን ሩቅ ነው፤ ገና ያልጠነከረች ሕፃን ያለ እናቷ የሚላክበት መንገድ አይደለም፤ በዚህ ጊዜማ ጭራሽ። ሞታ ከሆነ ደግሞ ይነግሩኝ ነበር፤ በአገራችን ሞት አይደበቅም፣ ይለቀስለታል እንጂ። ዓይኔን በግቢው አዞርሁ። አጥሩ ላይ አንዲት የሕፃን ጨርቅ ተሰጥታ ውኃዋን ታንጠባጥባለች። ልጅቱ ከበሩ ወዲያ ናት። ለምን ትደበቃለች? ያን ጊዜ በሥራዬ ሳይሆን በሆዴ ፈራሁ።

«አባቴ» አልኋቸው ሽማግሌውን፣ «ልጅቱ እቤት ናት። ለመዝገብ አይደለም፤ ይቅር መዝገቡ። ታማ እንደሆነ ብቻ ልያት።»

ሽማግሌው ከእኔ ፊታቸውን አዞሩ። መረጃ ሰብሳቢውን፣ «አንተ ልጅ፣ ያን ነገር ይዘኸው ውጣ» አሉት። ጣውላውን ተሸክሞ ከግቢው ወጣ። ከዚያ ለምራታቸው በዓይናቸው ምልክት ሰጡ፤ ገባችና ጠላ በጣሳ ይዛ ወጣች። በአገሩ ደንብ መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችልኝ። አቅራቢው ሳይቀምስ ለእንግዳ መጠጥ አይሰጥም፤ ምንም የለበትም ማለት ነው። ጣሳውን ተቀበልሁና እንደ ልማዴ ያዝሁት እንጂ ወደ አፌ አላስጠጋሁትም።

«አይጠጡም?» አለች።

«ጨጓራዬ…»

«እኔ ለእርስዎ ቀምሼልዎት እንኳ አላመኑኝም» አለች። ከመጣን ጀምሮ ቀና ብላ ያየችኝ ያን ጊዜ ነው። «ለልጄ ደግሞ ማን ይቅመስላት?»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነቷን ነው። ያቀረበ ይቀምሳል።»

ምን እንዳሉኝ ገባኝ። ለዓመታት የስንቱን እናት ልጅ «ምንም የለውም፣ እንጨት ነው» እያልሁ አስተኝቻለሁ፤ ራሴ ግን አንድ ቀን እንኳ ተጋድሜበት አላውቅም። በሥልጠና ላይ ተለዋውጠን የለካነው ቆመን ነው፤ የተጋደመው አሻንጉሊት ነው። እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። ሣጥኑን እንደ እነሱ እፈራዋለሁ፤ ይህንን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

ጎረምሳውን ጠርቼ ጣውላውን አስመለስሁት። ግቢው መሐል አስነጠፍሁትና ነጠላዬን አጣፍቼ ተጋደምሁ። ጣውላው የሕፃን ስለሆነ ወገቤ ላይ አለቀ፤ እግሬ እንዳለ መሬት ላይ ነው። ራሴ ሳንቃውን ሲነካ ዓይኔን ጨፈንሁ። ጎረምሳው ግራ ገብቶት፣ «የቱ ጋ ልለካዎት?» አለኝ።

«ዝም ብለህ ለካ» አልሁት በጥርሴ።

ሳንቃውን እስከ ወገቤ ገፋው። በሹክሹክታ በስመ አብ ሲል ይሰማኛል፤ እሱም የገበሬ ልጅ ነው። አባቴን አሰብሁት፣ ያንን ሸምበቆ አሰብሁት። ከጎኔ ማንም አልሳቀም።

«በይ ተነሽ» አሉ ሽማግሌው። «ተነሽ፣ ልጄ። ዕድሜሽን ያርዝመው።»

ተነሥቼ ጠላውን አንሥቼ እስከ አተላው ጠጣሁት። ጣሳውን ስመልስላት እናትየዋ ወደ ቤት ገብታ ልጅቱን ይዛልኝ ወጣች።

ዓመት ተኩል ያህል ይሆናታል። ጸጉሯ ሳስቶ ወደ ቀይ አድልቷል፤ በጣት ቢይዙት የሚመጣ ይመስላል። እግሮቿና ፊቷ አብጠዋል። አላለቀሰችም፤ አላየችንም፤ የቀረበላት ሁሉ ያታከታት ትመስላለች። የእግሯን ጀርባ በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ለቀቅሁት፤ የጣቴ ጉድጓድ እዚያው ቀረ። ጣውላም ሚዛንም አያስፈልጋትም ነበር። ይህ እብጠት የምግብ እጥረት ነው፤ ቶሎ ካልታከመ ይገድላል።

«ሰው ነው የበላት አሉን» አለች እናትየዋ። ስታረግዝ ጡት አስጥላታለች፤ ከዚያ ወዲህ ከሽሮና ከእንጀራ ፍትፍት በቀር የሚያስጎርሷት የለም፤ እሱንም ተወችው። ዓይን እንዳይወጋት ብለው ከሰው ደበቋት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስትመጣም የሚቀርብላት ያው የጎረቤት ልጅ ነበር። ጠረጠርሁና፣ «ለምን ለማንም አልነገርሽም?» አልኋት።

እጇን ወደ ጎተራው ዘረጋች። በቆሎው አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ፈሷል። «ይህን ሁሉ እህል ይዘን ልጃችን በምግብ ታመመች ብዬ ለማን ልንገር? ማንስ ያምነኛል?»

ይህ እፍረት የእሷ ብቻ አይደለም፤ የአገሩ በሙሉ ነው። እህል አለን፣ ገበያው ሞልቷል፣ ልጁም በልቶ አድሯል እንላለን፤ ምን በላ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

አሁኑኑ ፍኖተ ሰላም እንሂድ ስል ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ። ጠበል ተጀምሯል፤ ሱባኤው ሳይሞላ አይቋረጥም። ተከራከርን ማለት አይቻልም፤ እሳቸው በምሳሌ ይናገራሉ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። በመጨረሻ፣ «ጠበሉን በጀሪካን ይዘነው ብንሄድስ፣ አባቴ? ሐኪሙ መድኃኒቱን ይስጥ፣ እናቷ ደግሞ ታጥምቃት» አልኋቸው። ተነሥተው ጀሪካኑን ራሳቸው አለቅልቀው ሞሉት፤ ክዳኑንም አጥብቀው ዘጉት፤ መንገድ ላይ ማንም እንዳይከፍተው ነገሩኝ። እኔን መሆኑ ነው።

እስከ ማንኩሳ በእግር ወጥተን፣ ባጃጅ ላይ እናትየዋ፣ ልጅቱ፣ ጀሪካኑና እኔ ተጣበን ሄድን። ለጣውላው ቦታ አልተረፈም፤ ጎረምሳው ተሸክሞት በእግሩ ተከተለን። ሆስፒታሉ ስንደርስ አልጋ እስኪሰጣቸው ከበሩ አልተነሣሁም። ዞር ስል ልጇን አዝላ የምትጠፋ መስሎኝ ነበር። ነርሷ የቁመት ጣውላ ይዛ ስትመጣ እናትየዋ ልጇን ደረቷ ላይ ለጠፈቻትና ግድግዳውን ተጠግታ ቆመች። ነርሷ አየቻት፣ እኔንም አየችኝ፤ «ግድ የለም፣ እብጠቱ ይበቃናል» ብላ ጣውላውን መለሰችው።

ከዚያ የሚቀጥለው የታወቀ ነው። የሁለቱን ቤቶች ልኬት ከመረጃው አስወጣሁ። ሳምንት ሳይሞላ ከአዲስ አበባ ተደወለ። «አንቺ ከመሄድሽ በፊት ሦስት ልጅ ተለክቶ ነበር፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሁለቱ ጠፉ። እንዴት ነው ነገሩ?» አለኝ በዚያኛው ጫፍ ያለው ሰው። እኔን ነው የጠረጠረው። ማብራሪያ ጻፍሁ፤ ስለ ቀሚሱና ስለ ሽንቱ ሳይቀር ጻፍሁ፤ ያመኑኝ አይመስለኝም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። መረጃ ሰብሳቢው ግን ከሥራው አልተነሣም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንንም ልጅ ልብሱን ሳያስወልቅ አይመዝንም ይባላል።

ሥራው ፋታ ሲሰጠኝ ሆስፒታል ሄድሁ። ክፍሉ ስገባ እናትየዋ ጓዟን ጠቅልላ፣ ነጠላዋን ደርባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ልትሄድ ነው።

«ምነው?» አልኋት።

«ሳመጣት ሞላ ያለች ነበረች» አለች፣ ጥርሷን ነክሳ። «ይኸው ይዩዋት። አጥንት አደረጓት! የሚሰጧት ወተት ምን እንዳለበት ማን ያውቃል?»

እውነት ነው፤ እብጠቱ ሲወርድ ከሥሩ የነበረው ክሳት ወጥቷል። የልጅቱ ክንድ ቀጭን እንጨት ሆኗል። ያ ሙላት ውኃ እንጂ ሥጋ እንዳልነበረ ለማስረዳት ሞከርሁ፤ በቃል የሚገባ ነገር አይደለም። እናትየዋ ፊቷን አዙራ መቀነቷን አጠበቀች። በመሥሪያ ቤቴም ሆነ በአፌ የማደርገው እንደሌለ አውቄ ተስፋ ቆረጥሁ፤ እንባዬ መጣ። ልጅቱን ልሰናበታት ጎንበስ አልሁ።

ልጅቱ አልጋው ላይ ተቀምጣ የወተት ኩባያዋን በሁለት እጇ ይዛለች። ስጠጋት ቀና ብላ አየችኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ መረመረችኝ፤ ዓይኗ ኩባያዋ ላይ፣ ከዚያ እጄ ላይ፣ ከዚያ ተመልሶ ፊቴ ላይ ዋለ። ኩባያውን ወደ ሆዷ ሸሸገችና ጀርባዋን ሰጠችኝ። እጄን ወደ እሷ ስዘረጋ ሕንፃውን የሚያናውጥ ጩኸት ለቀቀች።

«እንዳትወስጅባት ነው!» አለች እናትየዋ። አንቱታውን ረሳችው። «አየሽ? እንዳትወስጅባት!»

ያቺ የቀረበላት ሁሉ ያታክታት የነበረች ልጅ ናት ይህችው። እናትየዋ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች፤ ሳቁ ለቅሶ ሆነ፣ እንደገና ሳቅ ሆነ። ጓዟን ከጭኗ ላይ አንሥታ አልጋው ሥር አስቀመጠችው።

በዚህ መሐል ነርሷ ሚዛንና ጣውላ ይዛ በየአልጋው እየዞረች እኛ ዘንድ ደረሰች። እናትየዋን ስታይ ጣውላውን ግድግዳው ላይ ልታስደግፈው ዞረች።

«አምጪው» አለች እናትየዋ።

ልጅቱን ራሷ አንሥታ ጣውላው ላይ አጋደመቻት። ኩባያዋን አልቀማቻትም። ራሷን በሁለት መዳፏ ይዛ ከሳንቃው ጋር ገጠመችው፤ ነርሷ ከእግሯ በኩል ገፋች። እናትየዋ ሳንቃውን ሲመጣ በዓይኗ ተከተለችው።

«ጮክ ብለሽ ንገሪኝ» አለቻት ለነርሷ። «በቁመቷ ልክ ጧፍ ተስያለሁ። አጥሮብኝ ታቦቱ ፊት እንዳላፍር።»

ነርሷ ነገረቻት። እናትየዋ ከንፈሯን እያነቃነቀች ለራሷ ደገመችው። ከዚያ ነርሷን አየቻት፣ ጣውላውን አየችው፣ እኔንም አየችኝ።

«እንደገና ለኪያት» አለች።